ጥሩምባው የዘፋኙን ስም የጠራ ቀን

ልጄ ትናንት ከኳስ ሜዳ የፕላስቲክ ጥሩምባ ይዞ መጣ። ሳሎን ገብቶ አንዴ ሲነፋው የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ አመለጠ። ጥሩምባውን ነጥቄ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት። «ምን አደረግኩሽ እማዬ?» ይለኛል። ምን ልበለው? ለእሱ ጥሩምባ ማለት ጎል ነው። ደብረ ታቦር ላደግነው ግን ጥሩምባ ሲነፋ፣ የሚጠራው ስም የማን እንደሆነ እስኪሰማ ድረስ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቆማል።

አስረኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነው። ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠንን የምንሰማበት ዘመን። ከአጥራችን ማዶ ጥጥ እየፈተሉ ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ዘፋኝ ሆነ። አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ካሴት አስቀረጸና ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። እኔና ጓደኛዬ ያንን ካሴት ክሩ እስኪላላ ሰማነው። ደግሞ መልኩ! እሱን እንኳ ተዉት።

ያልገባን የወዳጆቹ አፍ ነው። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ካሴቱን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮሁታል። በዚያው አፋቸው ደግሞ «ድምፁ አፍንጫው ውስጥ ቀርቷል» ይላሉ፤ «ዜማው የሰው ነው» ይላሉ። ከሁሉም ምላሱ የከፋው ካሴት ሻጩ ራሱ ነበር። ጓደኛዬ አንድ ቀን አላስችል ብሏት «ከጠላኸው ለምን ትሰማዋለህ?» አለችው። «አንቺ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አለና የቴፑን ድምፅ ጨመረው።

ዘፋኙም አያግዝም። እሁድ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሊዘፍን ነው፤ ግን ማን ያውቃል? ፎቶው ያለበት ፖስተር ማታ ይለጥፋል፣ ጠዋት የለም። ደግሞ ይለጥፋል፣ ደግሞ የለም። በዝናብ አናሳብብ፣ የሌላው ማስታወቂያ ሁሉ በቦታው አለ። ሰው ቀደደው ብለን አንጀታችን አረረ። በመጨረሻ እሱም መለጠፉን ተወ። «ምነው ዝም አልክ? አስነግር እንጂ» ስንለው መሬት መሬት እያየ «ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ ሰው ራሱ ይመጣል» አለን።

«ጠላ ቤት እንኳ ጣሳ ይሰቅላል እኮ» አለችው ጓደኛዬ።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ በአጥሩ በኩል ለእናቱ ሲነግራቸው ሰማሁ። «አገሬ ካልፈለገኝ በግድ አልዘፍንም እማዬ። እሁድ አዳራሹ ባዶ ከሆነ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ» አላቸው።  የእናቱ እንዝርት ትሾራለች። እኔ እሁድ ለባዶ ወንበር ሲዘፍን እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ መላ አታጣም። «ይህን ሁሉ አገር በአንድ ጊዜ ከቤቱ የሚያስወጣ ማነው?» አለችኝ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸዋ! ሄደን ለመንናቸው። «አባባ፣ በየሰፈሩ ዞረው ይንገሩልን» አልናቸው። ሽማግሌው ቃሉን አስደግመው ያዙ፤ የዘፋኙን ስም ከነአባቱ፣ እሁድ፣ ስምንት ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ። «ሰው ማስወጣቱን ለእኔ ተዉት። የቀረ ይቀጣል ብዬ እጨምርበታለሁ» አሉን። እኛም ሳቅን። ጥሩምባውን ይተዉት ማለት ግን ከሦስታችን ለአንዳችንም ትዝ አላለን። እሳቸው ያለ ጥሩምባ ተናግረው አያውቁም፤ እኛም ያለ ጥሩምባ አይተናቸው አናውቅም።

ቅዳሜ ዘፋኙ በማለዳ በሚኒባስ ሐሙሲት ወረደ። እዚያ አንድ የሰርግ አጫዋች አለ፤ ክረምት ስለሆነ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሞንታርቦ ሊያውሰው ቃል ገብቶለት ነበር። ጭጋጉ ጣሪያ ለጣሪያ ይጎተታል። እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። ረፋዱ ላይ ጥሩምባው ተነፋ። ረጅም ነበር። ቀጥሎ ስሙ ተጠራ፣ ከነአባቱ። የቀረውን የሰማ የለም፤ ጥሩምባ ስም ከጠራ በኋላ ሌላ ምን የሚሰማ ነገር አለ? ልፈፋውን ያስለፈፍኩት እኔው ሆኜ እንኳ እጄ የሳሙናው ውሃ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

ከአጥሩ ማዶ እንዝርቷ ወደቀች። ከዚያ የእናቱ ድምፅ፤ «ልጄን! መኪና በላብኝ!»

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። ጓደኛዬ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ «አልሞተም፣ የዘፈን ልፈፋ ነው፣ አልሞተም» እያለች በሰው መሀል ትሮጣለች። ማን ሰምቷት? ሴቶቹ ይዘው «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» እያሉ ፊቷ ላይ ውሃ ይረጩባታል። እኔም «እውነቷን ነው» አልኩ። አንድ አዛውንት ዞር ብለው «ካልሞተማ የታለ ልጄ?» አሉኝ።

እውነትም የታለ? ለእኩለ ቀን እደርሳለሁ ያለው ሰው ሰባት ሰዓት አልፎም የለም። ስልክ እንደዛሬው በየኪሱ አይደለም። ከወረታ ወደ እኛ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት በዚያ ጭጋግ አሰብኩት። የሰውን ስም በቁሙ በጥሩምባ አስጠርተን ሟርት ጠራንበት እንዴ? ጓደኛዬም ጩኸቷን ተወች፤ እጄን ጨምድዳ ይዛ መንገድ መንገዱን ታያለች። ለእመቤቴ ጧፍ ተሳልኩ። እንደዚያን ዕለት ፈርቼ አላውቅም፤ ስወልድም እንደዚያ አልፈራሁ።

ካሴት ሻጩ ደረቱን እየመታ ደረሰ። «አሁን ማንን ልስደብ፣ ወንድሜ!» ብሎ አጥሩ ላይ ተደፋ። ጎረምሶቹ ሊያነሱት ሲሞክሩ «ካሞገስነው አዲስ አበባ ትወስድብናለች ብለን እኮ ነው» ይላቸዋል፣ እነሱ የማያውቁት ይመስል።

ሴቶቹ ደግሞ ፎቶውን አስቀምጠው ሊያለቅሱለት ፎቶ ፈለጉ። ከእናቱ አልጋ ሥር ሳጥን አውጥተው ሲከፍቱት ፖስተሮቹ ወጡ፤ ጠርዛቸው ላይ ሙጫው እንዳለ፣ አንድ በአንድ ታጥፈው። 

«እኔ ነኝ» አሉ እናቱ። «ይህን የመሰለ ልጅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መንገደኛ ሁሉ ሲያየው፣ ዓይን ይበላብኛል ብዬ ነው። ዶሮ ሳይጮህ እየወጣሁ አነሳዋለሁ። ደበቅሁት፤ ታዲያ መደበቄ ምን ጠቀመኝ?»

የሚኒባሱን ክላክስ የሰማነው ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ነው። ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ ታስሯል። ጎማ ፈንድቶበት ነው ለካ የዘገየው። ዘፋኙ ወረደ፤ ደጃቸው ላይ የቆመውን ሰውና የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬን!» ብሎ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። እሱ ደግሞ የሞቱት እናቱ መስለውታል። እናቱ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ፊቱን ዳሰሱት፣ ጆሮውን፣ ፀጉሩን። እሱም የእሳቸውን ፊት ይዳስሳል። ሰው ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገብቶት ቆመ። እኔ አለቀስኩ።

እናቱ እጁን ይዘው ሲያስገቡት መደቡ ላይ የተዘረጉትን ፖስተሮች አየ። ማን እንዳነሳቸው መጠየቅ አላስፈለገውም፣ እናቱ አቀርቅረው ነበር። አንዱን አንስቶ «እኔ እኮ አገሩ የቀደደው መስሎኝ ነበር» አለ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናቱ የዱቄት ሙጫ ሠርተው አንዱን ፖስተር በገዛ እጃቸው የአጥር በራቸው ላይ ለጠፉት።  ለጥፈው ሲጨርሱ ዓይን እንዳይበላው «እትፍ፣ እትፍ» አሉበትና ቶሎ ገብተው በሩን ዘጉ። ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ካሴት ሻጩ ከፊቴ ተቀምጦ እንባውን እየጠረገ «ዛሬም አፍንጫው ውስጥ ነው» ይላል።

ጎረምሶቹ የፈሩት አልቀረም፤ አዲስ አበባ ወሰደችው። ፖስተሩ በሩ ላይ ፀሐይ እየበላው ከረመ፤ እናቱ ጫፉ በተነሳ ቁጥር ሙጫ ይቀቡታል።

ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ፣ ረፋድ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። የእናቱን ስም ጠራ። ሰፈሩ እንዳለ በየደጁ ቆመ። ነጠላውን ያዘቀዘቀ አልነበረም። የቀረውን እየጠበቅን ነበር፤ እሁድ፣ ስምንት ሰዓት፣ አዳራሽ እስኪል። ጥሩምባ ነፊው የጠራው ግን የቀብሩን ቤተ ክርስቲያን ነበር።