ከእህል መጋዘኑ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ቤቴ መጡ። እየተሰበሰቡ ስለ ከተማችን ስለ ቆቦ የሚመክሩ፣ ግጥም የሚጽፉ፣ ሥዕል የሚሥሉ ልጆች ናቸው። እኛም በወጣትነታችን እንዲህ ያለ ማኅበር እንደነበረን ሰምተው፣ በሚያዘጋጁት መድረክ ላይ ስለዚያ እንዳወራ ፈለጉ። ደስ አለኝ፤ ሻይ አፈላሁላቸው። አንደኛው ሻዩን እያማሰለ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ለስለስ ያለ ነገር ቢሆን ጥሩ ነው፤ እንግዶች ይኖራሉ» አለኝ። ይቺን «እንግዶች ይኖራሉ» የምትባል ነገር በደንብ አውቃታለሁ። ዛሬም ደሜን ታፈላዋለች።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገበያው ጥግ ካለ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ልብስ በምለካበት ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ማኅበራችን አራት ወንዶችና እኔ ነበርን። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ታፔላ ጻፊው ደጀኔ ነው፤ የጸጉር አስተካካይ ታፔላ ለመጻፍ እንኳ እጁን ታጥቦ የሚጀምር ሰው ነበር። ሌላው መምህር ይመር ነው፤ ቅኔ ያውቃል፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር ግን መሬት መሬት ያያል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጀኔ ሥራ ቤት እንሰበሰባለን። ወሩ ጥቅምት ስለነበር ጥንቅሹ ደርሷል። እየላጥን፣ እየመጠጥን፣ ምጣጩን እግራችን ስር እየተፋን እንከራከራለን። ከአላማጣ የሚመጣው አውቶቡስ ጡሩንባውን ሲነፋ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ሲያልፍ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

የምንከራከረው ስለ ከተማችን ነው። ደጀኔ አደባባዩ ላይ ሐውልት ይቁም ይላል። ይመር ቤተ መጻሕፍት ይከፈት ይላል። በመጨረሻ፣ ሐሳባችንን ለሕዝብና ለማዘጋጃ ቤት ሰዎች የምናሳይበት ቀን እንዲኖር ተስማማን። ሰው እንዲበዛ በገበያ ቀን ይሁን ተባለ። ቦታውን የመረጠው ደጀኔ ነው፤ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ያለው፣ ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ አጥር ያለው ባዶ ግቢ። «ጥላ አለው፣ አጥር አለው፣ ማንም አይጠቀምበትም» አለ።

ማንም አይጠቀምበትም! የገበያው ሴቶች በሙሉ ይጠቀሙበት ነበር። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከየገጠሩ ጎህ ሲቀድ ወጥተው የሚመጡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሽንታቸውን የሚሸኑት እዚያ ነው፤ አንዷ ነጠላዋን ዘርግታ ትጋርዳለች፣ ሌላዋ ትቀመጣለች። ሌላ ቦታ የለም። ወንዶቹ አጥር አያስፈልጋቸውም፤ የትም ዞር ይላሉ። ስለዚህ ያን ግቢ ልብ ብሎ ያየው ወንድ አልነበረም። ሊያጸዱ ሲገቡ እንኳ ደጀኔ አፍንጫውን ይዞ፣ «ከብት ነው እንዲህ ያበላሸው» አለ።

እኔ አውቅ ነበር። ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጥ ዘሀራ የምትባል የሮቢት ሴት ነበረች። በዚያ ሐሩር ውሃ ስሰጣት ከንፈሯን ብቻ አርሳ ጣሳውን ትመልስልኛለች። «ጠጪ እንጂ፣ እማማ» ስላት፣ «ጠጥቼ የት ልሂድ፣ የኔ ዓለም? እዚያ ለመድረስም ዕቃ የሚጠብቅልኝ ሰው ያስፈልጋል» ትለኝ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ሦስት እሑድ ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሌላ ቦታ አይሻልም?» አልኩ፤ ለምን ሲሉኝ ጥንቅሼን መላጥ ቀጠልኩ። በአራት ወንዶች ፊት ሽንት የሚለውን ቃል ማውጣት አቃተኝ። እነሱም ከሆርማት ወንዝ በአህያ አሸዋ አስመጥተው ግቢውን አለበሱት።

ቀኑ ደረሰ። ወንበር ተደረደረ፣ ሸራ ተወጠረ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከእንግዶቹ ጋር ፊት ተቀመጠ። ደጀኔ ሐውልቱን በትልቅ አቡጀዲ ላይ ሥሎ ሰቅሎታል። ለእኔ የተሰጠኝ ስለ ቆቦ ሜዳ ልምላሜ ግጥም ማንበብ ነው። ወረቀቴን ይዤ ስነሳ በአጥሩ ክፍተት በኩል ዘሀራን አየኋት። የደረሰች ነፍሰ ጡር ምራቷን በክንዷ ደግፋለች። ከማኅበራችን ልጆች አስተናጋጅ የሆነው መንገድ ዘግቶ፣ «ስብሰባ ነው፣ እናቶች፣ ተመለሱ» ይላል። ምራቷ ላብ አጥምቋት፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች።

ወረቀቱን አጠፍኩት። «ግጥም አላነብም» አልኩ። «የተቀመጣችሁበት ቦታ የገበያው ሴቶች ሽንት ቤት ነው። በዚህ ሐሩር ውሃ የማይጠጡት ሳይጠማቸው ቀርቶ አይደለም፤ የሚሸኑበት ስለሌላቸው ነው። ይቺ አንዲት ቦታ ነበረቻቸው፤ እሷንም ዛሬ ዘጋንባቸው።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሹሙ ብድግ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ነውር አታውቂም? እንግዶች አሉ!»

«እንግዶቹ ከቤታቸው ሸንተው ነው የመጡት!» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም።

በዚህ መሃል ዘሀራ አስተናጋጁን በክንዷ ገፍታ ገባች። «ወላሂ እውነቷን ነው! በሉ ተነሱ፣ ልጅቷ ጨነቃት!» አለች። መጀመሪያ የተነሳው ያ አይናፋሩ ይመር ነው፤ ወንበሩን አንስቶ፣ «ወንዶች፣ እንውጣላቸው» አለ። ሹሙ እንግዶቹን ይዞ እየተቆጣ ወጣ። ዘሀራም የደጀኔን ሐውልት ከነአቡጀዲው አውርዳ ለሁለት ሴቶች አስያዘችና ምራቷን ጋረደቻት።

ማኅበራችን እዚያው ፈረሰ። ደጀኔ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ከተማው «ሙሉ ሽንት ቤት» ብሎ ሰየመኝ፤ ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ የነበረ አንድ ሰውም ሐሳቡን ቀየረ፤ እግዜር ይስጠው። በዓመቱ ከመጋዘኑ አጠገብ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ሽንት ቤት ተሠራና ቁልፍ ተንጠለጠለበት፤ ለስብሰባ እንግዶች ነው ተባለ። ቁልፉ አንድ ሳምንት አልቆየም። በማን ድንጋይ እንደተሰበረ ገበያው በሙሉ ያውቃል፤ ሲጠየቅ ግን አንድም ሰው አላየም።

ልጆቹን እመጣለሁ ብያቸዋለሁ፤ የምናገረውን አስቀድሜ እንደማላሳያቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ዘሀራ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኩላሊት ሕመም አረፈች። ሐኪሙ ውሃ አዘውትራ ትጠጣ እንደነበር ሲጠይቃት ሳቀችበት አሉኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሰዎች ያን ቀን አላፈርሽም ወይ ይሉኛል። አፍሬያለሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ። የማፍረው ግን በተናገርኩት አይደለም፤ በእነዚያ ሦስት እሑዶች ዝምታዬ ነው።