የኅዳር ሚካኤል ጥላ

የ1993 የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ነፋሱ ከእንደርታ ሜዳ አቧራ እያነሣ መቀሌ ላይ ይበትን ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን እጅ ያደነዝዛል። እናቴ ሸዋወርቅ የስለት ጥላዋን ዘርግታ ከሰፈራችን ከሓድነት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሯ ሄደች። ነፋሱ ሊነጥቃት ሲታገል ዘንጉን ከታች ያዝኩላት።

"ልቀቂው! የተሳልኩት እኔ፣ የምሸከመውም እኔ" አለችኝ።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። ሾፌሩን አባቴን ገብረአምላክን ተከትላ መቀሌ ገባች፤ እሱ ሲሞት በልብስ ስፌት አሳደገችን። በ1990 የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ታላቅ ወንድሜ ፍሰሃ ዘመተ። እኔም ስምንተኛ ክፍልን አቋርጬ ቁልፍ እየተከልኩ ላግዛት ተቀመጥኩ። ያኔ ነው "ልጄን በሕይወት ካሳየኸኝ ጥላ አስገባለሁ" ብላ ለሚካኤል የተሳለችው። በቀይ ከፋይ ላይ ቢጫ ዘርፍ ስትሰፋ ሁለት ዓመት ከረመች። ትሰፋዋለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሰፋዋለች። ከጨረሰችው የምትጠብቀውም የሚያልቅባት ይመስላት ነበር መሰለኝ።

ጦርነቱ ቆመ። በጥቅምት የጎረቤታችን የፍሬወይኒ ልጅ ኣታኽልቲ በክራንች ተደግፎ ተመለሰ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጠች።

"ፍሰሃ ደህና ነው፣ ኣደይ" አላት። "እኔ የተኛሁበት ሆስፒታል 'ፍሰሃ ገብረአምላክ' ተብሎ ሲጠራ ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ይለቁታል።"

ፊቱን አይተኸዋል ወይ ብላ አልጠየቀችውም። እኔም አልጠየቅሁም።

ስለት የሚገባው ስለቱ ሲሰምር ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እናቴ ግን የኅዳር ሚካኤል እንዳያልፍባት ቸኮለች። ፍሬወይኒ እንኳ "ኣቲ ሸዋወርቅ፣ ሙሽራው ሳይመጣ እልልታ!" ብላ ሣቀችባት።

"መንገድ የጀመረ ሙሽራ መጣ ነው የሚባለው" አለች እናቴ።

የንስሐ አባታችን አባ ኤልሳዕ ጥላውን ከመቀበላቸው በፊት ከኋላዋ ሰው ፈለጉ።

"ልጁ የታለ?"

"በሕይወት አለ፣ አባቴ። መንገድ ላይ ነው።"

በድምፅ ማጉያው "ልጇ ከጦር ሜዳ በሕይወት ተገኝቶላት ስለቷን አስገብታለች" ተባለ። ሕዝቡ እልል አለ። እናቴ መሬት ስማ ስትነሣ ግንባሯ አቧራ ለብሶ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ፍሰሃ አልመጣም። ሌላ ፍሰሃ ገብረአምላክ ወደ ሌላ እናት ቤት ገብቶ ይሆናል። ኣታኽልቲ ከዚያ በኋላ በደጃችን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ጀመር።

በ1995 መርዶው መጣ። ለካ ወንድሜ የሞተው ገና በ1991 የካቲት ነበር፤ እናቴ ዘርፍ ስትሰፋለት የነበረው ለሞተ ልጅ ነው። አላለቀሰችም። አባ ኤልሳዕ የፍታቱን ቀን ሊቆርጡ መጡ።

"ፍታት አይደረግም" አለች።

"ምነው ልጄ?"

"በሚካኤል ደጅ ሰመረልኝ ብዬ ሕዝብ እልል አስብያለሁ። አሁን ደግሞ እዚያው ደጅ ሞቷል ልበል? የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ? ወይስ ያልሰማኝ ፈጣሪ ነው? ይህን ንገሩኝና ፍታቱን አድርጉ።"

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት።

"አላውቅም" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልገባችም። ቅዳሴ ግን አላስታጎለችም፤ ውጭ ቆማ ታስቀድስና የግንቡን ድንጋይ ተሳልማ ትመለሳለች። ጾሟንም አልሻረችም። እኔን የሚያንገበግበኝ ወንድሜ ያለ ፍታት መቅረቱ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ "ካላመንሽ ለምን ትጾሚያለሽ?" አልኳት።

"ማመኔ እኮ ነው የሚያሳምመኝ" አለችኝ። "ባላምን ኖሮ ከማን ጋር እጣላ ነበር?"

በ2002 የሰኔ ሚካኤል ዕለት አባ ኤልሳዕ ከቅጥሩ ወጥተው ወደቆመችበት መጡ። አርጅተዋል፤ ዲያቆን ይደግፋቸው ነበር።

"ጥላሽ ዕቃ ቤት አለ" አሏት። "ከከበደሽ ውሰጂው። ማንም አይቀየምሽም።"

"የሰጠሁትን ልቀማ?"

"ያልሰመረ ስለት ነውና፣ ልጄ።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

"እንግዲያው ስለት አይሁን" አለች። "እንዲሁ የሰጠሁት ይሁን። ለልጄም ፍታቱን አድርጉለት።"

በሳምንቱ ተደረገለት። እናቴ ያን ቀን ዛሬ የሞተ ያህል ፊቷን ነጨች። ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሴቶች አሥራ አንድ ዓመት ያለፈውን ሞት እንዴት እንደሚያለቅሱት ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። እኔ ግን አለቀስኩ።

ልቧ ተጠገነ አልልም። ፍሬወይኒ "ሓፍተይ፣ ከእግዜር ጋር ታረቅሽ ማለት ነው?" ብትላት፣

"አንነጋገርም" አለቻት። "ግን ቤቱ እሄዳለሁ።"

አሁን 2012 ነው። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሓድነት ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ደክሞ ስፌቱን ትታለች። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን እጇን ይዤ ሚካኤል አደርሳታለሁ፤ ቅጥሩ ውስጥ ገብታ በሴቶች በር በኩል ትቆማለች።