የአባባ ጠረጴዛ ቁመት

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። በልብስ ስፌት ቤታችን እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ነገሬ ስለሚወጋ «መርፌ» የሚል ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት፤ ሰፈሩም ሳያቅማማ ተቀበለው።

የምትቆርጥበትን ጠረጴዛ አባታችን በገዛ እጁ ነው የሠራው። እሱም ቆራጭ ነበር። የጠረጴዛው ስፋት የአንድ ጣቃ ጨርቅ ወርድ ያህላል፣ ርዝመቱ ሦስት እርምጃ ነው። አባባ ካረፈ ሃያ ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን ዛሬም በየሳምንቱ ጠረጴዛውን በዘይት እወለውላለሁ። ሱቅ ስንዘጋ ደግሞ የእታለምን ትከሻ በቅባት አሻለሁ። «የቆራጭ በሽታ ነው» ትላለች።

ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ጠረጴዛው መሃል ላይ የክር ጥቅሎች እንደ መረብ ደርድረን ፒንግ ፖንግ እንጫወታለን። ራኬቶቹን የሰጠችን ልጆቿ የሰለቿቸው አንዲት ነርስ ደንበኛችን ናት። እታለም ማንንም አትምርም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሳይቀር ተሸንፎ ነው የሚሄደው። እኔማ ኳስ ስለቅም ወገቤ ተቆረጠ።

አንድ ቀን ነርሷ ልብሷ እስኪተኮስ ቁጭ ብላ እታለም ስትጫወት አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ! ይሄን ይዘሽ ነው እዚህ የተደበቅሽው?»

ለካ እሷ የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ አባል ናት፤ የሴቶቹ ቡድን አራተኛ ተጫዋች ጎድሎታል። እታለም በአርባ ሦስት ዓመቷ አፈረች፣ ሳቀች፣ ማክሰኞ ሄደች።

ሄዳ ጉድ ሆነች። ራኬቷ ከኳሱ በላይ ያልፋል፤ ቢነካውም በጠርዙ ነው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ አስራ አንድ ለሁለት ሸኘቻት። አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው።

«ልጄ፣ ክንድሽን ለምን ትሰቅይዋለሽ? የት ነው የለመድሽው?» አሏት።

እታለም ሜትሯ ካንገቷ ስለማይወርድ ጠረጴዛውን እዚያው ለካችው። የክለቡ ጠረጴዛ ቁመት ሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛ ዘጠና።

«እዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ያስተካከልነውን እዚያ በአምስቱ ቀን ታበላሺዋለሽ። ወይ እግሩን አሳጥሪው፣ ወይ እዚያ መጫወቱን ተይ» አሏት። በወሩ መጨረሻ ከባንክ ሠራተኛዋ ጋር ትጋጠማለች፤ ያሸነፈችው ቡድኑ ውስጥ ትገባለች።

ቤት መጥታ ይህንኑ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

«የአባባን ጠረጴዛ በመጋዝ? እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ሂጂና የክለብሽን አስቆርጪ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እታለም ግን አልተቆጣችም። «እሺ» ብላ ራኬቶቹን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። አራት ቀን ሙሉ ከሰዓቱ ጭር አለ። ክለብም አልሄደችም። አንጀቴን በላችው፤ ቃሌን ማጠፍ ግን ሞት ሆነብኝ።

በአምስተኛው ቀን ነርሷ ቀሚሷን ልትሞክር መጣች። ትንሽ ረዝሟል። ጫፉን ላሳጥር መቀስ ሳነሳ ጮኸች።

«ተይ፣ አይቆረጥብኝ! ከፍ ያለ ጫማ አደርግበታለሁ።»

መቀሱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ነርሷ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

በማግስቱ ከአናጢው ሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ይዤ መጣሁ፤ ቁመታቸው ልክ አስራ አራት ሳንቲ ሜትር። አንዱን በጠረጴዛው ወዲህ ጫፍ፣ ሌላውን በወዲያ ወለሉ ላይ አደረግሁ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከጉሮሮዬ አልወጣ ስላለ «ውጪበት» ብቻ አልኳት። እታለም መቆሚያውን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ ወደ መሳቢያው ሄደች።

ሦስት ሳምንት በየቀኑ ተጫወትን። ሲያልቅ መቆሚያዎቹን ግድግዳ ጋ አስጠጋቸዋለሁ፤ ደንበኛ ያደናቅፋሉ።

የግጥሚያው ቀን እኔም ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ተሸነፈች። ቀጥሎ ክንዷ ወረደ፣ ኳሱ እሺ አላት፤ ሁለቱን መለሰች። አምስተኛውን አስራ ሁለት ለአስር ስታሸንፍ እኔ መርፌዋ ሴትዮ ሰው መሃል አለቀስኩ።

ሰኞ አርፍጄ ገባሁ። እታለም መቆሚያው ላይ ወጥታ ሱፍ ትቆርጣለች። ላነሳው ጎንበስ ስል በእግሯ ያዘችው።

«ተይው፣ እዚሁ ይሁን።»

ሱቅ ልንዘጋ ስንል እንደልማዴ ቅባቱን አወጣሁ።

«ዛሬ እኮ አላመመኝም» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። አባባ ረጅም ነበር። ጠረጴዛውን የሠራው በራሱ ቁመት ልክ ነው። እታለም ከትከሻው አትደርስም ነበር።

«እና ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ በየሳምንቱ እንደዚያ ስትወለውይው፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

 ቅባቱን ከደንኩና መሳቢያው ውስጥ፣ ራኬቶቹ በነበሩበት ቦታ አስቀመጥኩት።