በውሰት የዞረው ዘንግ

ኦርቪን ስኮገን በሃያ ሦስት ዓመት ሥራው ከእኛ ቤት ኬክ ሳይበላ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴ አርዲስ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። እኔ ደግሞ ባታነሳው ደስ ይለኛል።

ኦርቪን መርማሪ ነበር። መርማሪ ስላችሁ ሌባ የሚያሳድድ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ዊስኮንሲን፣ ቅድመ አያቶቻችን ከኖርዌይ መጥተው በረታቸው በላይ በላዩ እየተቃጠለ ሲያስቸግራቸው ያቋቋሙት የገበሬዎች መረዳጃ አለን። ኢንሹራንስ ነው ይባላል፤ እኔ እድር ነው እለዋለሁ። የአንዱ በረት ሲነድ ሁላችንም እናዋጣለን። ታዲያ የሚያዋጣ ሰው የጎረቤቱን ግቢ ማወቅ ይፈልጋል። ሽቦው ተልጧል ወይ? ድርቆሹ ሳይደርቅ ተከምሮ ውስጥ ውስጡን ይግላል ወይ? የፍግ ጉድጓዱ ክዳን አለው? ኦርቪን በየዓመቱ እየዞረ ይህን ያያል፣ ይጽፋል። የጻፈው ካላማረ ሠላሳ ቀን ይሰጣችኋል። በሠላሳ ቀን ካላስተካከላችሁ ከእድሩ መውጣት ነው።

ከሁሉ አጥብቆ የሚያየው ዘንጉን ነበር። ትራክተር ጉልበቱን ለመኖ ማደባለቂያው የሚያቀብለው በብረት ዘንግ ነው፤ ዘንጉ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይሽከረከራል። ላዩ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን አለው። ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ሲዞር ሽፋኑ ዝም ብሎ ይቆማል። ሽፋኑ ከተሰበረ ግን እጅጌም ይሁን ጸጉር፣ የጃኬት ማሰሪያም ይሁን፣ ያገኘውን ይጠቀልላል። "ኧረ!" ለማለት እንኳ ጊዜ የለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ የሚመጣውን እጅ ብትቆጥሩ ጎዶሎ ነው፤ የሌስተር ሞይ ግራ እጅ የለም። የኦርቪን ታናሽ ወንድም ጌለን ደግሞ ጭራሹን የለም። በሃያ ሁለት ዓመቱ የጃኬቱ ማሰሪያ በዘንጉ ተያዘበት። ትራክተሩን ያጠፋው ኦርቪን ነው፤ ከጠፋ በኋላም ወንድሙን ከዘንጉ ፈቶ ማውጣቱ የቀረው ለእሱ ነው።

ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን ነው እንግዲህ የምናታልለው።

ከመረዳጃው ቢሮ ኦርቪን ከመምጣቱ ሳምንት ቀድሞ ፖስታ ካርድ ይደርሰናል። ካርዱ እንደ ደረሰ ስልኩ ይጀመራል። ደህና የእሳት ማጥፊያ ያለው ሌስተር ነው፤ እሱ ማጥፊያ ከቤት ቤት ይዞራል። እኛ አምስት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ማደባለቂያ ከአንድ ሻጭ ስለገዛን የአንዱ ዘንግ ለሌላው ልክ ነው። አንድ ፒን ስቦ መንቀል፣ አንድ ፒን ገፍቶ መግጠም፣ አለቀ። አዲስ ሽፋን መግዛት አቅቶን አይደለም። ዛሬ ነገ ስንል ነው። ደግሞም መርማሪን ማታለል የማይወድ ገበሬ አላየሁም። እድሩ የራሳችን መሆኑን ሳስበው ግን "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች" ያለው ሰው እኛን አይቶ ይመስለኛል።

ኦርቪን ኬክ ሳይበላ እስከ ወጣበት ዓመት ድረስ የሚዞረው ዘንግ የሌስተር ነበር። በበረዶው ወራት ሽፋኑ ተሰበረ። ሙሉ ሽፋን ያለው ዘንግ የቀረው ሮንዳ ጋ ብቻ ነው፤ ሮንዳ ማለት የኦርቪን አንድ ልጁ ናት። እናቷ ማርሊስ ታማ ከተኛች ጀምሮ የአባቷን እርሻ የምትሠራው እሷ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት፣ ጉልበቷ የሁለት ወንድ።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩላት።

"ሮንዳ፣ የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ነገ ሊመጣብኝ ነው" አልኳት።

"ዘንጌን ልትወስድ ነዋ! ጋሼ ዱዌን፣ ላሞቼ ነገ ምን ሊበሉ ነው?"

"አሮጌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎልሽ የለም እንዴ? እሱን ግጠሚው። ለአንድ ቀን ነው።"

"እሱ እኮ ራቁቱን ነው።"

"ላሞቹ አያፍሩበትም" አልኳት።

ሳቀች። ማታ ሄጄ ዘንጉን አመጣሁት። ሽፋኑ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ማርሊስ ነፍሷን ይማርና፣ የግቢውን ዕቃ ሁሉ በጥፍር ቀለሟ ምልክት ታደርግበት ነበር። የተዋስነው ዕቃ ቤቱን ረስቶ እንዳይቀር። ነጥቧን በግራሶ ደፈንኳት።

ማክሰኞ ኦርቪን መጣ። በረዶው ቀልጦ ጭቃው ቁርጭምጭሚት የሚውጥበት ሰሞን ነው። ከፒክአፑ ሲወርድ መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ራሱን ነው የሚያወርደው። ሰባ ሊሞላው ነው፤ ለጡረታው አራት ወር ቀርቶታል።

"እንዴት ነህ ኦርቪን?"

"ደክሞኛል።"

"ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው!"

"ዛሬ መቼ ደከመኝ አልኩህ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ማርሊስ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰውየው መሰላል ላይ አይወጣም፤ ከታች ሆኖ አንጋጦ ያይና "እስቲ ይሁን" ብሎ ይጽፋል። በየቤቱ ኬክ አለ፣ በየቤቱ "በሞቴ፣ አንድ ቁራሽ" አለ፤ ሁለት ጊዜ እንቢ ብሎ በሦስተኛው መብላት ግዴታው ነው። ሰዉ ሁሉ የሚዋሸው ፈገግ ብሎ ነው። እኔ ብሆን ከዓመት አልዘልቅም ነበር።

አርዲስ ከበሩ ላይ ጮኸች። "ኦርቪን! የፖም ኬክ ጋግሬያለሁ፤ ሳትቀምስ ብትሄድ እንጣላለን!"

"ሥራዬን ልጨርስ አርዲስ። እየበላሁ መቅጣት ይከብደኛል።"

በረቱን ዞረ። ሽቦውን አየ። የእሳት ማጥፊያው ጋ ሲደርስ ቆመና የወዳጁን ትከሻ እንደሚነካ ሰው መታ መታ አደረገው።

"ደህና ነው ይሄ? አምና ሌስተር ጋ አግኝቼው ነበር" አለኝ።

ፊቴ ጋለ። "ኧረ ተው ኦርቪን..."

"ከእኔ በላይ አገር ያየ ማጥፊያ ነው።" ቅጹ ላይ ምልክት አደረገ፤ ትክክል ነው የሚለውን ምልክት። ያን ጊዜ ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አታለልነው ስንል፣ ሰውየው እያወቀ ነበር የሚያልፈን። ተደሰትኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እፎይ ነው ያልኩት።

ወደ ማደባለቂያው ሄድን። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ። ሽፋኑን በእጁ ዳበሰው፣ አዟዟረው፣ ሰንሰለቱን ጎተተ። ንጹሕ ቢጫ፣ ስንጥቅ የሌለበት። እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያ አንድ ነገር አየ። ንጹሑ ሽፋን ላይ የተለጠፈችውን ጥቁር ግራሶ። ሞኝነቴን እዩልኝ፤ ግራሶው ባይኖር ነጥቧን ላያይ ይችል ነበር። በአውራ ጣቱ ጠረገው።

ቀይ ነጥቧ ወጣች።

ከተንበረከከበት አልተነሳም። ጣቱን ነጥቧ ላይ እንዳደረገ ቆየ። ሚስቱን አስታውሶ ይሆናል አልኩ በልቤ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው።

"ሮንዳ ዛሬ ላሞቹን በምን እያበላች ነው?"

"ኬኩ እንዳይቀዘቅዝ" አልኩት።

"ዱዌን። በምን?"

"በአሮጌው" አልኩት።

የቅጹን ሰሌዳ ጭቃው ላይ ጥሎ ሮጠ። ኦርቪን ሲሮጥ ካየሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል። የመኪናው በር ሳይዘጋ ከግቢ ወጣ። በእኔ መኪና ተከተልኩት። በመስተዋቱ አርዲስን አየኋት፤ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሮንዳ ግቢ ድረስ አራት ማይል ነው። ስልክ እንዳልደውልላት፣ ማደባለቂያው እየሠራ ማንም አይሰማም። መንገዱን ሙሉ "ለአንድ ቀን ነው፣ ለአንድ ቀን ነው" ስል ነበር፤ ለማን እንደምለው አላውቅም።

ስንደርስ ማሽኑ ያጓራል። ሮንዳ ከዘንጉ ወዲያ ማዶ ቆማ የድርቆሽ ገመድ ትቆርጣለች። የለበሰችው የእናቷን ካፖርት ነው፤ ሰፊ ነው፤ ማሰሪያው በሁለት በኩል ተንጠልጥሏል። ራቁቱ ብረት በመካከላችን ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱ የቆመ ነው የሚያስመስለው።

ኦርቪን አልጮኸም። ብትደነግጥስ? እጁን ብቻ ከፍ አደረገ፣ መዳፉን ወደ እሷ ዘርግቶ። ቁሚ ማለቱ ነው።

ሮንዳ ቀና ብላ አየችው። ሰላምታ መሰላት። ፈገግ አለች፣ እጇን አወዛወዘችለት፣ ልትቀበለውም መጣች። በትራክተሩ ፊት ዞራ አይደለም። ማናችንም ዞረን አናውቅም፤ ሃያ እርምጃ ይፈጃል። እግሯን አንስታ በዘንጉ ላይ ተራመደች።

የካፖርቱ ጫፍ ዘንጉን ይንካው አይንካው እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ኦርቪን ግን አልጨፈነም፤ ጌለንንም ያየው እንዲሁ ሳይጨፍን መሆን አለበት።

ዓይኔን ስገልጥ እፊቱ ቆማለች፤ ሙሉ ሰው ናት። አላቀፋትም። በጎኗ አልፎ፣ በትራክተሩ ፊት ለፊት ዞሮ፣ ሃያውን እርምጃ ተራምዶ ትራክተሩ ላይ ወጣና ሞተሩን አጠፋው። ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ መወጣጫው ላይ ቁጭ አለ።

ሮንዳ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ? ጋሼ ዱዌን አላለፈም እንዴ?" አለች።

ኦርቪን በእጁ ወደ ራቁቱ ዘንግ አመለከተ። "አሮጌውን ግጠሚ ያለሽ ማን ነው?" አላት።

አንዴ ወደ እኔ ዞር አለች። አንዴ ብቻ ነው፣ ከዓይን ጥቅሻ አትበልጥም። "ማን ይለኛል አባዬ? እኔው ነኝ የገጠምኩት" አለች።

እኔ? እኔ ጫማዬን አየሁ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጫማዬን አየሁ።

ኦርቪን ከመኪናው የራሱን ቤት ቅጽ አወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰውየው የመቶ ሠላሳ ገበሬ ግቢ ሲያይ፣ የልጁን ግቢ ቅጽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሞላው። ሁሉም ትክክል፣ ሁሉም ትክክል። ያስተማርኳት እኔ፣ የሠራሁት ቤት የእኔ፣ ደግሞም ደክሞኛል ብሎ።

ያን ቀን ግን ከጎተራ እስከ ፍግ ጉድጓድ ዞረው። መሰላል ላይ ወጣ። እኔ መሰላሉን ይዤ ቆምኩ፤ እንድይዝለትም አላለኝ፣ እንድሄድም አላለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዐሥራ አራት ጥፋት ጻፈ። ለእኛ ለሁላችን እንደሚያደርገው አንድ በአንድ አነበበላትና ቅጹን ሰጣት።

"ሠላሳ ቀን አለሽ።"

"አባዬ፣ የምርህን ነው?"

"ሠላሳ ቀን" አላት። የካፖርቷን ማሰሪያ ያዘ፣ በቢላዋው አንዱን ቆረጠ፣ ሁለተኛውንም ቆረጠ፣ ኪሱ ከተታቸው።

እኔንም በምርመራው ጣለኝ፤ ቅጹን ከጭቃው አንስቼ ስሰጠው ነው የጻፈው። ሌስተርንም ጣለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስታችንም አዲስ ሽፋን ገጠምን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ።

በወሩ መጨረሻ የመረዳጃው ኮሚቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰበ። ሰባት ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ። ኦርቪን ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የሮንዳን ግቢ ሪፖርት አነበበች፤ ከታች ተጠያቂው ማን ነው የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፏል። "ያለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሪፖርቶች ሳላይ የጻፍኳቸው ናቸው። የማጥፊያውንም መዞር አውቅ ነበር። ተጠያቂው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።" አራት ወር ቢታገሥ ኖሮ እዚያው ምድር ቤት ራት ተደግሶለት፣ ሰዓት ተሸልሞ ይወጣ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና "ስንብቱን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ" አለ። ሌስተር ያለችውን አንድ እጁን አነሳ። ሌሎቹም አነሱ። የእኔ እጅ አልነሳ አለኝ። ብድግ አልኩ።

"ሮንዳ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ። አሮጌውን ግጠሚ ያልኳትም እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኦርቪን ቀና እንኳ አላለም።

"አውቃለሁ ዱዌን፤ ጫማህን ስታይ ነው ያወቅሁት" አለኝ። "ቁጭ በልና እጅህን አንሳ። ጨርሱልኝ፤ ደክሞኛል።"

ቁጭ አልኩና እጄን አነሳሁ።