የእጅ ጫማ

ጓንት ፋብሪካው ውስጥ «ቆራጯ» ነበር የሚሏት፤ ቆዳውን በማሽን የምትቆርጠው እሷ ነበረችና። ፎርማኑ ሥራ ያዘገያል ብሎ የማሽኑን መከለያ ብረት ባስነቀለ ሰሞን፣ ከግራ እጇ ሁለት ጣት ሄደ። እሱ ግን ለባለቤቶቹ «ወሬ ስታበዛ ነው የተቆረጠችው» አላቸው። ቁስሏ ሳይደርቅ ተባረረች።

ቂሟን ዋጥ አድርጋ ያዘች። የፋብሪካው ጓንት የሚሸጠው ለጀርመኖች እንደሆነ ታውቃለች፤ አከራይዋ ደግሞ ጡረታ የወጡ የጀርመንኛ መምህር ናቸው።

«ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» አለቻቸው። መጀመሪያ የጠየቀቻቸው፣ ጓንት ምን እንደሚባል ነው።

«ሃንትሹ» አሏት። «ሃንት እጅ፣ ሹ ጫማ። የእጅ ጫማ እንደ ማለት ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩት ጀርመኖችም እንዲሁ ነበር የሚሉት፤ አጠራሩ ትንሽ ተለወጠ እንጂ ሁለቱ ቃላት ዛሬም እንደተጣበቁ ናቸው።»

«ታዲያ እጄን የረገጠውን ሰውዬ ምን ብዬ ልጥራው?»

«በርቺ እንጂ፣ ስሙን አታጪለትም።»

ዓመታት ፈጀባት። ቀን ሱቅ ውስጥ እየሸጠች፣ ማታ እያጠናች አስተርጓሚ ሆነች። ታዲያ አንድ ቀን ያው ፋብሪካ አስተርጓሚ ፈለገ። ጓንቷን አጥልቃ ሄደች። ፎርማኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። አላወቃትም፤ ድሮም የሠራተኛ ፊት አያይም ነበር።

ውል ለመፈረም የመጡት ገዢ ጠና ያሉ ጀርመናዊት ናቸው። ሠራተኛ በማሽን ይጎዳ እንደሆነ ጠየቁ።

«እዚህ ቤት ማንም ተጎድቶ አያውቅም በያቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩ ላይ እንደተደላደለ።

ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። ከዚያ የግራ ጓንቷን አውልቃ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በጀርመንኛ ቀጠለች፦ «ያ የሱ ቃል ነው፤ የኔ ደግሞ ይኸውልዎት። ለእጅ ጫማችሁ ቆዳ ስቆርጥ ሁለቱ ጣቶቼ እዚሁ ቀሩ። ማሽኑ ዛሬ መከለያ እንዳለው እንደሌለው ሄደው ይዩ።»

«ምንድነው የምታወሪው?» አለ እሱ፣ እጇን አይቶ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ስለ ጣቶቼ» አለችው።

ሴትዮዋ ተነስተው ወደ መቁረጫው ክፍል ገቡ። መከለያዎቹ ጥግ ላይ ዝገው ተከምረዋል። ውሉን አልፈርምም አሉ። ባለቤቶቹ ደንግጠው መከለያዎቹን መልሰው አስገጠሙ፣ እሱንም አባረሩት።

ሚስቱ አስተርጓሚዋ ቤት ድረስ መጣች። «እህቴ፣ ልጆች አሉን። ለሴትዮዋ አንድ ቃል ተናገሪለት።»

«እኔም ያኔ የምጦራት እናት ነበረችኝ» አለችና በሩን ዘጋችው።

መምህሩ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «አሁንስ ልብሽ አረፈ?» አሏት።

«አላረፈም ጋሼ» አለች። «ሌላ ቦታ መቀጠሩን ከሰማሁ፣ እዚያም እሄዳለሁ።»