ከጁባ አዲስ አበባ፦ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

ማለዳ፣ ጀበል ኩጁር

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ከተራራው ሥር ያለው መንገድ በሌሊቱ ዝናብ ጨቅይቷል፤ የጋትሉዋክ ታክሲ እየተንገጫገጨች ትሄዳለች። ከኋላ ጽጌ ተቀምጣለች፤ ድሮ እኔ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር፣ አሁን ንያኩሮን ሰፈር የራሷ ሻይ ቤት አላት። በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ብርድ ልብስ አቅፋለች።

"የታመመ ሰው ሙቀት ይፈልጋል" ትላለች።

እናቷ አርፈዋል። እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ወንድሟ ደውሎ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ አደራ፣ ሰው አገር እንዳትሰማ። አሟታል ብለው ዛሬውኑ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው" አለኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ውስጥ ነው የሚረዳው። ያደግነው በዚህ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀበልኩ።

"ዛሬውኑ እንሂድ" ብላት፣ "እማዬን ሁሌም ያማታል። ባዶ እጄን አልሄድም፣ አንድ ቀን ይስጡኝ" አለች። አጥብቄ ብገፋፋት ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁ። ትናንት በቀብሩ ሰዓት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ብርድ ልብስ ትመርጥ ነበር። እኔ ጅሉ ደግሞ ቀለም አማርጣለሁ።

ቶንፒንግ

ሆቴሎቹ ገና ጄኔሬተራቸውን አላጠፉም። ጋትሉዋክ ጋምቤላ ያደገ የጁባ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። ጽጌ ቀድማ አየር ማረፊያው ስትገባ ሻንጣ እያወረደ ጠጋ አለኝ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሯትም?"

"ባህላችን ነው።"

"ማሌሽ" አለ፣ በጁባ ዓረብኛ "ይቅርታ" እንደማለት፤ ሻንጣውን ሰጠኝ። ማዘኑ ለእሷ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ሰልፍ ላይ ጽጌ ወሬ ጀመረች። "ጓደኞቼ ዓረብ አገር ሲሄዱ እኔ ጁባን የመረጥኩት ለምን ይመስልዎታል? ቅርብ ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር በዕለቱ እደርሳለሁ ብዬ።"

አየር ላይ

ርቀቱ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ነጩ ዓባይ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ረግረግ፣ ቀጥሎ የእኛ ተራሮች። ጽጌ የቀረበላትን ዳቦ ግማሹን በልታ ግማሹን በሶፍት ጠቀለለች። የስልኳንም ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋችው።

"ቀጥታ ሆስፒታል እንሄዳለን፣ አይደል?"

"እ... ወንድምሽ ያውቃል።"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አዲስ አበባ

ዝናብ ያካፋል። ወንድሟና አክስቷ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆመዋል። ምክራቸው እሷን አክስቷ ቤት አሳድሮ ንጋት ላይ ማርዳት ነበር። አክስቷ ፈገግ ለማለት እየታገሉ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" አሉ። ድምፃቸው ግን ተዘግቷል፤ አይወጣም። ሲያለቅስ የሰነበተን ሰው ድምፅ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ጽጌ ባለችበት ቆመች።

"ቀበራችኋት?"

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። "ትናንት። አንቺን ብለን አንድ ቀን አሳድረናት ነበር።"

እኔን ዞራ አላየችኝም። ብታየኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ብርድ ልብሱን እንዳቀፈች እርጥቡ አስፋልት ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ ቅርብ እኮ ነበርኩ! እማዬ፣ ቅርብ እኮ ነበርኩ!"