ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር የነበረው ጉድጓድ

ልጅ እያለሁ፣ ዛሬ የመጨረሻዋ ልጄ የምትማርበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የቆመበት ቦታ የእኛ የማሽላ ማሳ ነበር። ተማሪዎቹ «የጣሊያን ቤት» ይሉታል። ጣሊያን አዘዘ እንጂ ድንጋዩን ከሮቢ ወንዝ በጫንቃቸው ያወጡት የአገራችን የቀወት ገበሬዎች ናቸው። መጀመሪያ የጦሩ ጎተራ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ የመንገድ ሠራተኞች ዕቃ ቤት ሆነ፤ ኮሌጁ ሲከፈት መጻሕፍት ገቡበት።

ጣሊያን ማሳውን በሽቦ ሲያጥር የዘር ማሽላችን እዚያው መሬት ውስጥ ቀረ። በእኛ ቆላ እህል የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። ግድግዳው በእበት ይለሰናል፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይታተማል፣ ላዩ አፈር ይለብሳል። ዝናቡ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ቤታችን ግን የሚዘራ አንድ እፍኝ አልነበረም። ዘሩ ካልወጣ ስደት ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ አባቴን መከረው። «የዘመድ መቃብር ነው፣ አፅሙን ላውጣ በላቸው። ወላሂ፣ ሬሳ ይፈራሉ!»

«የሌለ ሬሳ አልቀብርም» አለ አባቴ፤ እኔን አስከትሎ ወደ ጦሩ ካምፕ ሄደና እውነቱን ተናገረ። የጣሊያኑ አለቃ በአስተርጓሚ ሰምቶ፣ ግማሹን ለጦሩ፣ ግማሹን ለእኛ ብሎ ፈቀደ።

አባቴ ቆፍሮ ድንጋዩን ሲያነሳ እንደ ጥንስስ የሚኮመጥጥ ትኩስ ሽታ ወጣ። ጉድጓድ እንደተከፈተ አይገባበትም፤ ውስጡ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ፀሐይ እስክትበረታ ክፍቱን ይተውና የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ፣ የሚገባውም ሰው አይተርፍም። ሊጠብቀን የመጣ አንድ ወጣት ጣሊያናዊ ወታደር ግን መሣሪያ የተደበቀ መስሎት እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። አባቴ ቀበቶውን ይዞ ወደ ኋላ ጎትቶ ጣለው። ወታደሩ ተነስቶ የአባቴን ግንባር በሰደፍ መታው።

አባቴ ደሙን በጋቢው ጠረገና ኩራዝ ጠየቀ። አብርቶ አወረደው፤ ጠፍቶ ወጣ። ደግሞ አበራው፤ ደግሞ ጠፋ። ወታደሩ የሚጨሰውን ክር አየና ከጉድጓዱ አፍ ፈቀቅ አለ። ፀሐይ ስትበረታ ኩራዙ ሳይጠፋ ወጣ፤ ቀድሞ የገባውም አባቴ ነው። አለቃው ቃሉን ጠብቆ ግማሹን ብቻ ወሰደ። ላመሰግነው አይደለም፤ የወሰደው የራሳችንን ነው። የቀረው ግን ለዘር በቃን።

ማታ ጋሼ ሰይድ ቁስሉን እያጠበ ተቆጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠላትህ በገዛ እግሩ ጉድጓድ ሲገባ ቀበቶውን ትይዛለህ?»

«ዱር ላይ ብንገናኝ ሌላ ነገር ነው» አለ አባቴ። «በእኔ ጉድጓድ ግን ሰው አይሞትም።»

ዛሬ እዚያ ቤት ውስጥ ልጆች ቬንትሌተር ሥር ተቀምጠው ያነባሉ። ፊደል በጎልማሳነቴ ብቻዬን የለየሁ ሰው ነኝና ሳያቸው ደስ ይለኛል። ሰው ሲወድቅ ቆሞ ማየት ግን ዘንድሮ ብልሃት ተብሏል፤ ይህን ሲያስተምራቸው የሰማሁት መጽሐፍ የለም፣ ከእኛው ከትልልቆቹ ነው የሚማሩት።

ባለፈው ሰሞን ልጄ «አባዬ፣ አያቴ ወታደሩን ዝም ብሎ ቢተወውስ ኖሮ?» አለችኝ።

«ምናልባት አባቴንም ይገድሉት ነበር» አልኳት። «ምናልባትም ማንም ሳይጠይቀው ዘሩን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ሳጠፋ አፉን ሞልቶ ሊቆጣኝ አይችልም ነበር።»